ውጤት የመጣ ሰሞን፦ ወጣቱንም ቤተሰቡንም እንዴት እንደግፍ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ሒሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ ሰፈሩ ዛሬም “ቲቸር” እያለ ነው የሚጠራኝ። ሁለቱ ሥራዎች ተደማምረው ማንም ያልቀጠረኝን ሦስተኛ ሥራ አመጡብኝ፦ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲወድቅ ወይም አባወራ ሲሞት፣ እናቶች “እስኪ አንድ ጊዜ ያነጋግሩልን” ብለው በሬን ያንኳኳሉ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በሩ ለሚንኳኳበት ሰው ነው፤ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለእድር ዳኛ፣ ለመምህር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ የቀረው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ወደቀ የሚባለው ልጁ ቢሆንም የተናጋው ቤቱ በሙሉ ነው። አባትም እናትም ለዓመታት ሲያስቡት የኖሩት ነገር በአንድ ምሽት ከእጃቸው ወጥቷል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን መደገፍ ግድ ነው፤ ማዳመጥ ግን ለየብቻ። አባትና ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ “በሉ ተነጋገሩ” የሚል ሽማግሌ ብዙ አይቻለሁ። አባት ሲናገር፣ ልጅ መሬት መሬት ሲያይ ያመሻሉ፤ በማግስቱም ሁለቱም ከሽማግሌው ይሸሻሉ።

ሳትጠሩ አትሂዱ

ቤተሰቡ ሳይጠራችሁ ሄዳችሁ መካሪ አትሁኑ። የምትቀርቡት ሰው ከሆነ ለእናትየው “ልረዳ የምችለው ነገር ካለ አለሁ” በሉና ተመለሱ። ከጠሯችሁም ልጁ ራሱ መስማማቱን ጠይቁ። እናት ገፍታ ያመጣችው ልጅ ለእናቱ ሲል ይቀመጣል እንጂ ለራሱ አይናገርም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣብኝ “ዛሬ ሻይ ጠጥተን እንለያይ፤ መመለስ ከፈለግህ ሰዓቴ ይህ ነው” እላለሁ። አብዛኛው ይመለሳል። ያልተመለሰውን አላሳድድም።

በመጀመሪያው ቀን የምስጢሩን ወሰን በግልጽ ተናገሩ። እኔ ለልጁም ለወላጆቹም በተመሳሳይ ቃል የምናገረው ይህ ነው፦ “የነገርከኝን ለአባትህ አልነግርም፤ አባትህ የነገሩኝን ለአንተ አልነግርም። ሦስት ነገር ሲሆን ግን ዝም አልልም፦ ራስህን ለመጉዳት ካሰብህ፣ ሌላ ሰው ለመጉዳት ካሰብህ፣ ወይም አንተን የሚጎዳ ሰው ካለ።” ይህን ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ፣ እናት በሳምንቱ “ምን አለዎት? የሴት ጓደኛ አለው?” ብላ ስትመጣ የምትመልሱት ያጥራችኋል።

የመጀመሪያው ሳምንት

የቅርብ ዓመታት ውጤት የወጣው ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉበት፣ ዘመድ ከየአቅጣጫው የሚመጣበት ሰሞን ነው። እንግዳው ጫማውን ሳያወልቅ “ስንት አመጣ?” ይላል። ክፋት የለውም፤ ለወጉ ነው የሚጠይቀው። ልጁ ግን በዚያ ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ከእያንዳንዱ እንግዳ አፍ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ከክፍሉ አይወጣም።

ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መልስ ሰጪ ይሁን። ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት ለዚህ ሥራ ትመቻለች። መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ውጤቱን አይተነዋል፣ እየመከርንበት ነው፤ ይልቅ ቡናው ደርሷል።” ልጁ እንግዳ ፊት የመቅረብ ግዴታ አይኑርበት፤ ነገር ግን ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ ይብላ። ምግብ ወደ ክፍሉ መላክ ደግነት ይመስላል፤ ሲለመድ ግን ልጁን ከቤቱ ያወጣዋል።

በዚያ ሳምንት ስለ ወደፊቱ ምንም አይወሰን። አባት “ነገውኑ ኮሌጅ አስመዘግበዋለሁ” ቢል “ጋሼ፣ ሰባት ቀን ይታገሡኝ” በሉት። ሰባቱ ቀን ለልጁ ብቻ አይደለም፤ አባትየው የሚናገረውን እንዲመርጥም ነው።

በእነዚህ ቀናት የምትከታተሉት ሌላ ነገር አለ። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ “ባልኖር ይሻላችሁ ነበር” የሚል ቃል ከወጣው፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ መዝራት ይመስለዋል። አይደለም። የሚጠየቅ ሰው ይተነፍሳል። “አዎ” ካለ ብቻውን አትተዉት፤ የጸረ ተባይና የእህል መድኃኒት ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ቤተሰቡ ጸበል መውሰድ ከፈለገ አትከራከሩ፤ “ጸበሉም ይሁን፣ ሐኪምም ይየው” በሉ። ጉዳዩ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ከሆነ ጊዜው የሚያልፈው በክርክር ነው።

አባትን ማነጋገር

ይህ ከሁሉ የከበደው ክፍል ነው፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከአባት ጋር የምነጋገረው ከቤቱ ውጭ ነው፤ ሱቁ ከሆነ ሱቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከሆነ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ። ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት ክብሩን መጠበቅ ስላለበት የልቡን አይናገርም። የምጀምረውም በቁጥር ነው። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ አባቶች ከምክር ይልቅ ቁጥር ስለሚያምኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። “ጋሼ፣ የተሻለ በተባለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጅ ከዘጠና አንድ በላይ ማለፊያውን አላገኘም። የእርስዎ ልጅ ብቻውን ሰነፍ ሆኖ አይደለም።” ከዚያ ዝም እላለሁ። ብዙ ጊዜ አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ይህን ቁጥር ለልጁ በመጀመሪያው ሳምንት አትንገሩት። “ሁሉም ወድቋል” ማለት ለእርሱ ማጽናኛ አይሆንም፤ ያለፉትን ጥቂቶች በስም ያውቃቸዋልና።

ከቁጥሩ በኋላ አንድ ልመና አቀርባለሁ፤ ከአንድ አይበልጥም፦ “ለአንድ ወር የጎረቤትን ልጅ ስም አያንሡብኝ።” “ልጅዎን ይውደዱት” ማለት ትርጉም የለውም፤ ይወደዋልና። “አይቆጡ” ማለትም አይሠራም። ስም አለመጥራት ግን የሚቻል ነገር ነው፤ ሚስትየዋም ልታስታውሰው ትችላለች።

የአባት ቁጣ መነሻው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው። ለማጠናከሪያ ትምህርት ተበድሮ የከፈለ፣ በሬ የሸጠ አለ። ይህን ሲናገር አታቋርጡት፤ ስንት እንደሆነም ጠይቁት። ዕዳ ካለ የልጁ ቀጣይ ምርጫ ከዕዳው ጋር መታሰብ አለበት። ዕዳውን ለልጁ ማን፣ እንዴት ይንገረው የሚለውንም አብራችሁ ወስኑ። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከአባቱ አፍ ቢሰማው ይሻላል፤ ግን “በአንተ ምክንያት” የሚለው ቃል ሳይጨመርበት።

ልጁን ማነጋገር

ከወጣት ወንዶች ጋር ተቀምጦ ማውራት አይሆንልኝም። ዓይን ለዓይን ስንተያይ ተማሪና መምህር እንሆናለን። ስለዚህ እንሄዳለን። ከፒያሳ ተነሥተን ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስንወጣ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥር ሰው የማያስፈልገውን ወሬ ይተዋል። ሁለታችንም ወደ ፊት ስለምናይ ልጁ ያለ ኀፍረት ይናገራል። ጉልበቴ በፈቀደልኝ ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባልፈቀደልኝ ቀን እስከ መጀመሪያው ድንጋይ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ፈተና አይደለም። “ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልህ?” ነው። መልሱ የቀኑን ባዶነት ያሳያል፤ ሥራችንም ከዚያ ይጀምራል። ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትንሽ ሥራ ከነቀኑ እንወስናለን፦ ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዶ ትራንስክሪፕት መጠየቅ፤ ሐሙስ ኮሌጁ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ። ሁለት ሥራ አልሰጥም። ሁለቱን ካልሠራ እንደገና የወደቀ ይመስለዋል። የተወሰነውን እርሱ ራሱ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ደብተሩም የእርሱ ነው።

ስለ ፈተናው ራሱ ሲነሣ በእውነት አውሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ ነው ሻንጣ ይዞ የገባው። በክልላችን በፀጥታው ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ወራትም አሉ። ይህ ሰበብ አይደለም፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ቁጥር ነው። ግን “አንተስ የትኛውን ትምህርት ነው ሳትከፍተው የሄድከው?” ብላችሁም ጠይቁ። ሁሉንም በመንግሥት ላይ ያሳበበ ልጅ የሚሠራው ነገር አይቀረውም።

መንገዶቹ

የሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ዕድል የሚሰጠው ከ50 በመቶ በታች አምጥቶ የዓመቱን መቁረጫ ነጥብ ላገኘ ነው። መቁረጫው በየዓመቱ ስለሚለያይ ያለፈውን ዓመት ነጥብ ይዛችሁ ተስፋ አትስጡ፤ ማስታወቂያው እስኪወጣ ጠብቁ። በግል ድጋሚ መፈተን ሌላው ነው። “በቀን ስንት ሰዓት፣ የት ሆነህ፣ ከማን ጋር?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ልጅ ይሞክር። መልስ የሌለው ያንኑ ዓመት ይደግመዋል።

ፖሊ ቴክኒክ ስል ብዙ አባት ፊቱን ያጠቁራል። እኔም የከተማችንን ታሪክ አነሣበታለሁ። ዛሬ ልጅ ሁሉ ሐኪም ሊሆንበት የሚመኘው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። የተነሣውም ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ያሠለጠናቸውም የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙዩኒቲ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር። ለሥራ የሚያስፈልገውን ሙያ ማስተማር ጎንደር ላይ የቆየ ነገር ነው። ኮሌጁን ስትመርጡ ግን ከስሙ ይልቅ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ መሣሪያው ይሠራል ወይ፣ ተማሪው ከግቢ ውጭ ተግባር ልምምድ የሚወጣው የት ነው፣ የብቃት ምዘናውን የሚያልፉት ብዙ ናቸው ወይ። ሦስተኛውን ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ይልቅ ባለፈው ዓመት ከጨረሱ ልጆች ጠይቁ።

መተማና ሁመራ

ሥራ ብሎ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሰሊጥን ነው፤ በክረምት አረም፣ መኸር ላይ አጨዳ። አትሂድ ማለት አያዋጣም። “ከማን ጋር ትሄዳለህ፣ ክፍያው በምን ይለካል፣ መመለሻህን ለብቻው የምታስቀምጠው የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። የጤናውን ነገር ደግሞ ሳትነግሩት አይሂድ። በዚያ ቆላ ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናደፈው በአመዛኙ ሌሊት ነው፤ ቀን ቀን የተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ትደበቃለች። ስለዚህ አጎበር ይያዝ፤ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ አይተኛ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ “ወባ ነው” ብሎ ክኒን እየገዛ አይቀመጥ። የጎንደር ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የሚሆን የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው።

መተማን አልፎ ወደ ሱዳን የሚያሻግር ደላላ ካነሣ ነገሩ ሌላ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያ አገር ጦርነት ላይ ነው። እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ አትሂድ እላለሁ።

ሴት ልጅ ስትሆን

ለወንዱ “ምን ልትሠራ ነው?” የሚባለው ለእርሷ “እንግዲህ ትዳር” ይሆናል። ውጤቱ በወጣ ወር ሽማግሌ ሲላክ ቤተሰቡ የእግዜር መልስ ይመስለዋል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ይከለክላል፤ ልጅቷ ከዚያ በላይ ከሆነችም ፈቃዷ የግድ ነው። ፈቃዷን እናቷ ባለችበት አትጠይቋት። እኔ ቤቴ ጠርቼ ቡና እያፈላን እጠይቃለሁ፤ “እሺ አልኳቸው” እና “እፈልጋለሁ” የሚሉትን ለይቼ እሰማለሁ።

ድጋሚ ልትፈተን ከወሰነች ከእናቷ ጋር የሰዓት ስምምነት አድርጉ። ውኃ፣ እንጀራ፣ ታናናሾች፣ እንግዳ፣ ሁሉም በእርሷ ላይ ነው። “ታጥና” የምትል እናት በየግማሽ ሰዓቱ ትጠራታለች። ከስንት እስከ ስንት ሰዓት አትጠራም? እናት ራሷ ሰዓቱን ትናገር፤ ወንድም በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራም ይነገር።

አባወራ ሲሞት

እዚህ ሥራው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ለልቅሶ የመጣውን ሰው አንድ ቃል ከልክሉ፦ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅን ትከሻ ይዞ “ከእንግዲህ አባት አንተ ነህ” ማለት። አጎቶች ይወዱታል። ልጁ ግን አምኖ ትምህርቱን ያቆማል፤ በእናቱ ላይም መወሰን ይጀምራል። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ስሰማ “ልጅ ነው፤ አባትነቱን እኛ እንካፈለው” ብዬ አጎቱን ራሱን ሥራ አዘዋለሁ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ልቅሶው ሳይበርድ ቀኑ ያልፋል። ከሰልስት በኋላ አንድ ሰው መድቡ፤ የሟችን መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የባንክ ደብተርና የቤት ካርታ በአንድ ፌስታል ይሰብስብ። ዋናው ከእናትየው እጅ አይውጣ፤ የሚዞረው ቅጂው ነው። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ነው የሚወጣው።

ሟቹ የጡረታ መብት ያለው ሠራተኛ ከነበረ ሚስቱ ከአበሉ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል፤ ድምሩ ግን ከመቶ አይበልጥም። አበሉ 6,000 ብር ቢሆን ለእርሷ 3,000፣ ለአንድ ልጅ 1,200 ነው። ሦስት ልጆች ካሉ ድምሩ 6,600 ስለሚሆን ተቀናንሶ 6,000 ላይ ይቆማል። ይህን ሒሳብ ከመሥሪያ ቤቱ በፊት እኔ ወረቀት ላይ እሠራላታለሁ፤ የምትጠብቀውን አውቃ እንድትሄድ።

የአርባውን ተዝካር ስታስቡ ገንዘቡን ከዚህ ሒሳብ አጠገብ ጻፉት። ሰው ምን ይላል ብላ ልትበደር ስትነሣ ከእርሷ ጋር አትሟገቱ፤ የነፍስ አባቷ ያነጋግሯት። “ጸሎቱና ፍትሐቱ ይበቃል፣ ድግሱ ይቅር” የሚለው ቃል ከካህን ሲወጣ ሰፈሩም ይቀበለዋል። አንዳንዱ መካሪ ደግሞ መበለትን ለማበርታት እቴጌ ምንትዋብን ያነሣል፤ ባሏ በካፋ ሲሞት ልጇን ኢያሱን ይዛ አገር አስተዳደረች ይላል። እውነት ነው። እርሷ ግን ግብር የሚገባላት ነበረች፤ የእኛዋ የቤት ኪራይ አለባት።

ገንዘብና መለያየት

ለልጁ ገንዘብ በእጁ አትስጡ። የፎርም መግዣ ወይም የትራንስፖርት ካስፈለገ እድሩ ወይም ዘመዱ በቀጥታ ይክፈል። ብድር በመካከላችሁ ከገባ፣ መክፈል ባልቻለበት ሳምንት አይመጣም።

ድጋፉን መቼ ማቆም እንዳለባችሁም በመጀመሪያ ቀን ተናገሩ። እኔ “እስከ ፋሲካ” እላለሁ። በመጀመሪያ በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ ከጥምቀት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፤ መጨረሻ ላይ እርሱ ሲፈልግ ብቻ። በመካከሉ ከጠፋ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ካላነሣ “ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት አለሁ” የሚል መልእክት ልኬ እናቱን ጤንነቱን ብቻ እጠይቃለሁ። ለምን እንደቀረ እርሷን አልጠይቅም፤ እርሱ ሲመጣ ይነግረኛል፤ ባይነግረኝም ደብተሩን አውጥተን ከቆምንበት መስመር እንቀጥላለን።